አሥራ አምስት በመቶ፤ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥርና የብሔራዊ ባንክ ነፃነት በኢትዮጵያ ሕግ

በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. በታወጀው የገንዘብ ሕግ መሠረት የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ብር ኖት የሚመለከት ሰው፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ምስል ሌላ የባንኩን ገዥ ፊርማ ያገኛል። ፊርማው የጆርጅ ብሎወርስ ነው። ብሎወርስ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥነት ካገለገለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሳዑዲ ዓረቢያ ማዕከላዊ የገንዘብ ድርጅት የመጀመሪያ ገዥ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በወጡት ኖቶች ላይ ግን በዚያው ቦታ የሚነበበው የአቶ ምናሴ ለማ ፊርማ ነው። በሁለቱ ፊርማዎች መካከል ከአሥር ዓመታት በላይ የፈጀ ልፋት አለ፤ አገሪቱ ገንዘቧን በራሷ ተወላጅ እጅ ለማስፈረም የበቃችው በዚያ ልፋት ነው። ሆኖም ፊርማው የፈራሚውን ማንነት ከመግለጽ አልፎ፣ ግምጃ ቤቱ ገንዘብ በጠየቀ ጊዜ ያ ፈራሚ «አይሆንም» ለማለት ሥልጣን ይኑረው አይኑረው አያስረዳም። ይህን የሚያስረዳው ሕጉ ነው።

ጉዳዩ የባንክ ሠራተኞችና የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ የሚተከል ሞተር፣ የሚለወጥ ኩሽኔታ፣ ከውጭ የሚመጣ ትራንስፎርመር ሁሉ ሕይወቱን የሚጀምረው በውጭ ምንዛሪ ማመልከቻ ስለ ሆነ፣ መሐንዲሱም ከነገሩ ውጭ አይደለም። ዲዛይኑ ተሠርቶ፣ ጨረታው ተከፍቶ፣ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ወራት የሚያልፉት ብዙውን ጊዜ በባንክ ወረፋ ነው። ይህ ወረፋ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ደግሞ ስለ ውጭ ምንዛሪ የተጻፉትን አንቀጾች ብቻ ማንበብ አይበቃም። እነዚያ አንቀጾች ከአዋጅ ወደ አዋጅ ሲተላለፉ በመሠረተ ሐሳባቸው እምብዛም አልተለወጡም፤ ዘወትር የቁጥጥሩን ሥራ ለማዕከላዊው ባንክ ይሰጣሉ። ደጋግሞ የተለወጠው በሌላ ምዕራፍ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ቁጥር ነው። እርሱም መንግሥት ከማዕከላዊው ባንክ ሊበደር የሚችለውን መጠን የሚወስነው መቶኛ ነው። የዚህ ቁጥር ታሪክ የባንኩ ነፃነት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነፃነት የሚለው ቃል ራሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ አልነበረውም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ወኪል ከማክጊሊቭሬይ ጋር በተፈራረሙት ውል የተቋቋመውና የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ፣ 500,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ካፒታል የተወሰነለትና ለ50 ዓመት ተወዳዳሪ ባንክ እንዳይቋቋምበት መብት የተሰጠው ድርጅት ነበር። ከአዲስ አበባው መንግሥት ትእዛዝ ነፃ ነበር፤ ከካይሮው አስተዳዳሪ ትእዛዝ ግን ነፃ አልነበረም። የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር የሚባል ነገርም በዚያን ጊዜ አላስፈለገም። በገበያ የሚዘዋወረው ጠገራ፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ራሱ የብር ማዕድን ስለ ነበረ ዋጋውን የሚወስነው በዓለም ገበያ የብር መርከስና መወደድ ነበር። ባንኩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማውጣት የጀመራቸው ኖቶችም በጠገራ የሚመነዘሩ ነበሩ። ስለዚህ ማንም ባለሥልጣን የምንዛሪውን ዋጋ ሊያዛባው አይችልም፤ ማንም ደግሞ ሊያስተካክለው አይችልም። ለንደን ላይ ብር በረከሰ ቁጥር የሐረር ቡና ነጋዴ ለምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ለውጭ ዕቃ ብዙ ጠገራ ይቆጥራል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይህን ባንክ ከባለ አክሲዮኖቹ በ235,000 ፓውንድ ካሳ ወስደው ነሐሴ 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋሙ። ካፒታሉ 750,000 ፓውንድ ነበር፤ ገዥው ኮሊየርም ከቀድሞው ባንክ ወደ አዲሱ የተሸጋገሩ ነበሩ። ይህ ሁለተኛው ባንክ ሥርዓቱን ለማደላደል ጊዜ ሳያገኝ የጣሊያን ወረራ ደረሰበትና ተዘጋ።

ወራሪው ከተባረረ በኋላ የገጠመው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ይዞት የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የጣሊያን ሊሬና አሮጌው ጠገራ በአንድ ገበያ ይዘዋወሩ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ያቀረበው መፍትሔ የኢትዮጵያ ገንዘብ መቀመጫውን ለንደን ባደረገ የገንዘብ ቦርድ እንዲተዳደርና ከስተርሊንግ ጋር እንዲታሰር ነው። እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የገንዘብ ቦርድ ከቴክኒክ አንጻር ሲታይ እጅግ ጥብቅ የሆነ መከላከያ ነው፤ በለንደን ስተርሊንግ ካልተቀመጠ በቀር አንዲት ኖት አይታተምምና የገንዘብ ሚኒስትሩ ባንኩን ማስጨነቅ አይችልም። ግን የመቆለፊያው ቁልፍ በባዕድ ኪስ ውስጥ ይሆናል። አምስት ዓመት በጠላት ሥር የቆየ መንግሥት ይህን ሊቀበል አልቻለም። ከአሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ የብድርና ኪራይ ሕግ መሠረት ብር ተበድሮ የ50 ሳንቲም የብር መክሊት አስወቀረና የራሱን ገንዘብ አቆመ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የለንደኑ ቁልፍ ከተጣለ በኋላ አዲሱን ቁልፍ ከሚኒስትሩና ከገዥው ማን ይያዘው የሚለው ጥያቄ ለመጪዎቹ ዓመታት ተላለፈ።

የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በታወጀው ሕግ ተቋቁሞ ሥራውን ሚያዝያ 7 ቀን 1935 ዓ.ም. ጀመረ። የሕጉ ዋነኛ ብልሃት ባንኩን ለሁለት መክፈሉ ነበር፤ አንደኛው ክፍል ኖት ያወጣል፣ የገንዘቡንም መያዣ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ክፍል እንደ ማንኛውም ባንክ ተቀማጭ ይቀበላል፣ ያበድራል። ሁለቱ ሒሳቦች እንዳይቀላቀሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ግድግዳ ቆመ እንደ ማለት ነው። የ1937ቱ ሕግ ደግሞ ለአንዱ ብር 5.52 ግሬይን ንጹሕ ወርቅ ወሰነለት። በጊዜው የወርቅ ዋጋ ይህ 40.25 የአሜሪካ ሳንቲም ይሆናል፤ ማለትም አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.48 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ኢትዮጵያ በዚሁ የዶላር ተመን ይዛ የዓለም የገንዘብ ድርጅት መሥራች አባል ሆነች።

ግድግዳው መልካም ነበር፤ ሆኖም ከላይ ያለው ጣሪያ አንድ ነው። ባንኩ ኖት የሚያወጣው የገንዘብ ሚኒስቴር ወኪል ሆኖ ሲሆን፣ ያው ባንክ ደግሞ በአገሪቱ ትልቁ የንግድ ባንክ ነበር። ለአስመጪው የሚያበድረውና የውጭ ምንዛሪ የሚሸጥለት፣ የአገሪቱንም የውጭ ክምችት የሚጠብቀው አንድ ድርጅት ነው። ዳኛውና ነጋዴው አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ዳኝነቱ ቅን ቢሆን እንኳ የሚያምነው አይገኝም።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር እንዳልነበረ ለማየት በዚያው ዘመን የነበሩትን የሌሎች አገሮች ሕጎች መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ሕግ ሥልጣኑን የሰጠው ለግምጃ ቤቱ ነው፤ የእንግሊዝ ባንክ የግምጃ ቤቱ ወኪል ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ይህም እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ቁጥጥሩ እስኪነሣ፣ ቆይቷል። በምዕራብ ጀርመን ደግሞ የ1957 እ.ኤ.አ. ሕግ ማዕከላዊው ባንክ ከመንግሥት ትእዛዝ እንደማይቀበል በግልጽ ደነገገ። የዓለም ባለሙያዎች ሁሉ እንደ አብነት የሚጠቅሱት ይህን ሕግ ነው። ነገር ግን በዚያም አገር የማርኩን የውጭ ዋጋ የሚወስነው መንግሥት እንጂ ባንኩ አልነበረም። በ1969 እ.ኤ.አ. ባንኩ የማርክ ዋጋ ከፍ እንዲል ሲደግፍ የኪሲንገር መንግሥት እምቢ አለ፤ ዋጋው ከፍ ያለው ከምርጫው በኋላ አዲስ መንግሥት ሲቋቋም ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጠቃሚ ነው። በውጭ ምንዛሪ ተመን ላይ ፍጹም ነፃ የሆነ ባንክ በዚያ ዘመን በየትም አይገኝም ነበር። የጀርመን ባንክ ጠንክሮ የቆመው ተመኑን በራሱ ስለሚወስን አይደለም፤ ለመንግሥት የሚሰጠው ብድር በሕግ የተወሰነ በመሆኑና ለገንዘብ ጉድለት ማሟያ ኖት እንዲያትም ሊያስገድደው የሚችል ስላልነበረ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ አርቃቂዎችም በ1955 ዓ.ም. ወደዚሁ መንገድ ገቡ። ሐምሌ 20 ቀን 1955 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብና የባንክ አዋጅ ቁጥር 206 የመንግሥት ባንኩን ለሁለት ከፈለው። የንግዱ ሥራ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተሰጠ፤ 10 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ብር ካፒታል የተመደበለት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኖ በ1956 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ አቶ ምናሴ ለማም የመጀመሪያ ገዥው ሆኑ። ኖት ማውጣት፣ የአገሪቱን የውጭ ክምችት ማስተዳደር፣ ባንኮችን መፍቀድና መቆጣጠር፣ የውጭ ምንዛሪን ተመን መወሰንና መቆጣጠር ለእርሱ ተሰጡ። ዳኛው ከነጋዴው ወንበር ተነሣ ማለት ነው። ከዚህም ጋር መንግሥት ከብሔራዊ ባንኩ የሚወስደው ብድር ከመደበኛ ገቢው 15 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ተቀመጠ።

ይህ ቁጥር በመጀመሪያ እይታ የሒሳብ ክፍል ዝርዝር ይመስላል። ትርጉሙን ለማየት ግን ወደ ቀን መለወጥ ይበቃል፤ የአንድ ዓመት ገቢ 15 በመቶ የ55 ቀን ገቢ ነው። ግብር የሚሰበሰብበት ወራትና ደመወዝ የሚከፈልበት ወራት አይገጥሙምና፣ መንግሥት በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሻገርበት ድልድይ ያስፈልገዋል፤ ሕጉ የፈቀደው የሁለት ወር እንኳ የማይሞላ ድልድይ ነበር። በድልድዩ ላይ ቤት መሥራት ግን አልተፈቀደም።

በብድሩና በውጭ ምንዛሪው መካከል ያለው ግንኙነት እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ማየት ያሻል። መንግሥት ግብር ሳይሰበስብ ከማዕከላዊው ባንክ 100 ሚሊዮን ብር ቢበደር፣ ባንኩ ያን ገንዘብ ከማንም አላመጣውም፤ በመዝገቡ ላይ ጽፎ ፈጠረው። ገንዘቡ ለሠራተኛ ደመወዝ፣ ለሥራ ተቋራጭ ክፍያ፣ ለስንቅ መግዣ ይወጣል። የተቀበለው ሰው ደግሞ ይገዛበታል። ከሚገዛው ዕቃ ከፊሉ፣ ነዳጁም ሆነ ጨርቁ ወይም ብረቱ፣ ከውጭ የሚመጣ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ለማስመጣት ወደ ባንክ ሄዶ ዶላር ይጠይቃል። በዚያ ዓመት የተላከው ቡናና ቆዳ ግን ከዐምናው አልጨመረም፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ዶላር ሲበዛ የሚገባው ዶላር ባለበት ይቆማል። ብሔራዊ ባንኩ ልዩነቱን ለጥቂት ጊዜ ከክምችቱ ይከፍላል። ክምችቱ ሲመናመን ሁለት በሮች ብቻ ይቀሩታል፤ ወይ የዶላሩን ዋጋ ከፍ ያደርጋል፣ ወይ ያለውን ዶላር በወረፋ ያድላል። ዋጋውን ከፍ ማድረግ መንግሥትን የሚያስወቅስ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ወረፋው ነው።

የግድብን በር የሚያውቅ መሐንዲስ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በሩ የተነደፈው ለተወሰነ የውኃ ከፍታ ነው። ከበሩ ኋላ ያለው ውኃ ከዚያ ከፍታ በላይ እንዲወጣ ከተፈቀደ በኋላ፣ በር ጠባቂውን ስለ ጥንቃቄው ማመስገን ወይም ስለ ቸልተኝነቱ መውቀስ ትርፉ ጥቂት ነው። የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር በሩ ነው፤ 15 በመቶው የውኃው ከፍታ ምልክት ነው። በር ጠባቂውን «ነፃ ነህ» ብሎ ከፍታውን ሌላ ሰው እንዲወስን መተው፣ ነፃነቱን ሰጥቶ ኃላፊነቱን ብቻ እንደ ማስቀረት ይቆጠራል።

ከ1956 እስከ 1966 ዓ.ም. ያለው ጊዜ በዚህ ረገድ የረጋ ነበር። ብሩ በ1956 ዓ.ም. መጠነኛ ቅናሽ ተደርጎበት በዶላር 2.50 ሆነ። አሜሪካ በ1964 ዓ.ም. እና በ1965 ዓ.ም. የዶላሯን የወርቅ ዋጋ ስትቀንስ ኢትዮጵያ የብሯን የወርቅ መጠን ስላልነካች፣ ተመኑ መጀመሪያ ወደ 2.30፣ ቀጥሎም ወደ 2.07 ወረደ። በሌላ አነጋገር ብሩ በዶላር አንጻር ጠነከረ። በዚያን ጊዜ ይህ ለመኩራሪያ የሚበቃ ነበር። ያች 2.07 የተባለች ቁጥር ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳትነቃነቅ እንደምትቆይ ግን ማንም አላሰበም።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ባንኮች ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ተወረሱ። ከዚህ ቀደም የንግድ ባንክ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ተፈራ ደግፌ በዚያ አስጨናቂ ወቅት የብሔራዊ ባንኩ ገዥ ሆነው አገልግለዋል፤ ከዚያም ተነሥተው ለዓመታት ታሠሩ። የእስር ቤት ማስታወሻቸውን በኋላ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ስለ ገዥዎች የሥራ ዘመን ዋስትና የሚከራከሩ የሕግ ጸሐፊዎች ብዙ ገጽ ይጽፋሉ፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ግን የአንድ ገዥ ዕጣ ከብዙ ገጽ የበለጠ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 99 የባንኩን ሕግ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አስማማ። የገንዘቡ የእንግሊዝኛ ስም ከዶላር ወደ ብር የተለወጠው በዚሁ ጊዜ ነው፤ በአማርኛው ግን ኖቱ ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ ብር ይባል ስለ ነበር፣ ለገበሬው የተለወጠው ሥዕሉ ብቻ ነበር። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልጉት ግን ሁለት ሌሎች ለውጦች ናቸው። አንደኛው፣ ባንኩ ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ጋር በመተባበር በብሔራዊ ዕቅድ ዝግጅት እንዲሳተፍ መታዘዙ ነው። «በመተባበር» የሚለው ቃል የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕቅዱን ያወጣ አካል የዕቅዱን ገንዘብ ለመንፈግ አይችልም። ሁለተኛው፣ የመንግሥት ብድር ገደብ ያለፉትን ሦስት የበጀት ዓመታት መደበኛ ገቢ መሠረት አድርጎ ከ15 ወደ 25 በመቶ ከፍ ማለቱ ነው። ስለ ውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር የተሰጠው ሥልጣን አልተቀነሰም፤ እንዲያውም ጠነከረ። የውኃው ምልክት ግን ወደ ላይ ተገፋ።

ውጤቱን ጦርነቱና ድርቁ አባባሱት እንጂ ብቻቸውን አላመጡትም። ተመኑ በ2.07 እንደ ተቸነከረ ቆየ፤ ብር ሲበዛ ዋጋውን የሚለውጠው ሕጋዊው ገበያ ስላልነበረ ልዩነቱ በጥቁር ገበያ ታየ፤ በሥርዓቱ መጨረሻ ዓመታት የጥቁር ገበያው ዋጋ ከሕጋዊው እጥፍ በላይ ነበር። ላኪው ቡናውን በ2.07 ሒሳብ ሲያስረክብ የሚያገኘው ብር የሚገዛለት ነገር ከዓመት ዓመት አነሰ። በየፋብሪካው የጥገና ክፍል የተሰበረውን ጥርስ በብየዳ መሙላት፣ ያለቀውን ቡሽ በቶርኒዮ ማውጣት የዕለት ሥራ ሆነ። በዚህ የተገኘው የእጅ ጥበብ የሚናቅ አይደለም፤ የተከፈለው ዋጋ ግን በማንም የሒሳብ መዝገብ አልተጻፈም።

መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ተመኑ በአንድ ጊዜ ከ2.07 ወደ 5.00 ብር ተለወጠ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የውጭ ምንዛሪ ሐራጅ ተጀመረ። ጥር 23 ቀን 1986 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብና የባንክ አዋጅ ቁጥር 83 ደግሞ፣ ስለ ሐራጁ ከተነገረው ያነሰ ቢነገርለትም፣ የበለጠ ሥራ ሠራ፤ የመንግሥትን ቀጥተኛ ብድር ያለፉት ሦስት ዓመታት መደበኛ ገቢ አማካይ 15 በመቶ ላይ መለሰው። አሮጌው ምልክት በግድቡ ላይ እንደገና ተቀባ።

ከአንድ ዓመት በኋላ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን ሌላ ድምፅ ያሰማል። የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን በሚዘረዝረው በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ብሔራዊ ባንክን የማስተዳደር፣ ገንዘብ የማተምና የመበደር፣ የውጭ ምንዛሪንና የገንዘብ ዝውውርን የመቆጣጠር ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጥቷል። ዓረፍተ ነገሩ ሥልጣንን ከክልሎች ለመለየት የተጻፈ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም ጤናማ ነው። ሆኖም «ያስተዳድራል» የተባለው መንግሥቱ ነው፤ «የሚተዳደረው» ባንኩ ነው። ኅትመቱ፣ ብድሩና የምንዛሪ ቁጥጥሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን መሰለፋቸው ራሱ ማንን ከማን መለየት እንደሚያስፈልግ አርቃቂዎቹ እንዳላሰቡበት ያሳያል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 591 በብዙ ነገር ከቀደሙት የተሟላ ነው፤ የባንኩን ሥራ በዘመናዊ ቋንቋ ያብራራል፤ የውጭ ምንዛሪ ድንጋጌዎቹም ሰፊ ናቸው። ባንኩን ግን ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አደረገው፤ ስለ መንግሥት ብድር በተጻፈው አንቀጽ ደግሞ 15 በመቶ የሚለው ቁጥር የለም። ባንኩ መንግሥት ሲጠይቅ ቀጥተኛ ብድር ሊሰጥ እንደሚችል ብቻ ተደነገገ። በዚያው ዓመት ክረምት የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ለንረቱ የዓለም የምግብና የነዳጅ ዋጋም ምክንያት ነበረና ሁሉን በአዋጁ ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ነገር ግን ውኃው እየሞላ ሳለ የከፍታውን ምልክት መፋቅ እንግዳ ጊዜ መምረጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለአብዛኛው አንባቢ የቅርብ ትዝታ ናቸው። ተመኑ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ከ13.63 ወደ 16.35 ብር ግድም፣ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ብሩ እንደገና በ15 በመቶ ዝቅ ተደረገ፤ በመካከሉ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተት ነበር። በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ፤ ይህም እስከ 2012 ዓ.ም. ቆየ። የውጭ ምንዛሪ ክፍፍል በቅድሚያ ዝርዝር ሆነ፤ መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ ከፊት ተሰለፉ፤ ፍትሓዊ ነው። የፋብሪካ መለዋወጫም በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ፤ ወረፋው ግን የሚለካው በቦታ ሳይሆን በወራት ነበር። ላኪዎችና ባንኮች ካገኙት ዶላር ከፊሉን ለብሔራዊ ባንኩ እንዲያስረክቡ ግዴታ ነበረባቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን የቁጥጥሩ መመሪያዎች እየበዙ፣ አንዱ ሌላውን እያሻሻለ፣ በር ጠባቂው በሩን ለመዝጋት አዳዲስ ብልሃት እየፈለገ ነበር። በመመሪያ ብዛት የሚመዘን ቢሆን ኖሮ የኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ከዓለም ተወዳዳሪ ባልተገኘለት።

አቅጣጫው መለወጥ የጀመረው ከምንዛሪው ሳይሆን ከብድሩ ነው፤ ይህም ቀደም ሲል የተባለውን ያረጋግጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንኩ ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥተኛ ብድር ካለፈው ዓመት መጠን ከሲሶው እንዳይበልጥ መወሰኑን አስታወቀ። ውሳኔው የፖሊሲ እንጂ የሕግ አልነበረም፤ ሐሳቡን የለወጠ ባለሥልጣን በማግሥቱ ሊሽረው ይችል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ወጥቶ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የማስረከቡ ግዴታም ተነሣ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ግድም ዘለለ፤ በተከታዮቹ ሳምንታትም ከ100 ብር አለፈ። ለዓመታት በወረፋ ተደብቆ የኖረው ዋጋ ወደ አደባባይ ወጣ። ኤል ሲ ለመክፈት ለሚጠባበቅ ፋብሪካ ይህ እፎይታም ድንጋጤም ነበር፤ ዶላሩ ይገኛል፤ የማሽኑ ዋጋ ግን በጨረታው ቀን ከተሰላው እጅግ ርቋል።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ፣ ቁጥር 1359፣ የዋጋ መረጋጋትን የባንኩ ቀዳሚ ዓላማ አደረገ፤ ለመንግሥት የሚሰጠውንም ብድር እንደገና በሕግ ገደበ። የምንዛሪው ተመን ከተለቀቀ ከአምስት ወር በኋላ መምጣቱ የሚያስተዛዝን አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ የተሻለ ነበር፤ ሆኖም ያለ ገደብ የተለቀቀ ተመን ዳግመኛ መቸንከሩ እንደማይቀር ያለፈው ታሪክ ስለሚያሳይ የዘገየውም አዋጅ ዋጋ አለው።

የሚቀረው ክርክር ጽሑፉ ስለ ተቀመጠበት ቦታ ነው። ከ1955 እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት 62 ዓመታት የባንኩ ሕግ አምስት ጊዜ ተጽፏል፤ 206፣ 99፣ 83፣ 591፣ 1359። ገደቡ ቆመ፣ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ጠፋ፣ ተመለሰ። ሁሉም በአዋጅ የመጣ ስለ ሆነ ሁሉም በአዋጅ የሚሻር ነበር። ከእነዚህ አምስት ለውጦች አንዱም ስለ ውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር የተጻፈውን አንቀጽ በመሠረቱ አልነካም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ውስጥ ደግሞ ገንዘብ ማተሙ፣ መበደሩና የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሩ በ1987 ዓ.ም. እንደ ተጻፉት ዛሬም በአንድ ንዑስ አንቀጽ አብረው ተሰልፈዋል፤ መጠን የሚወስን ቁጥር በመካከላቸው የለም።